ጫቱ ከማድ ቤቱ ደጃፍ ይራቅ

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ጓሮ አትክልት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ቆስጣውም፣ ካሮቱም፣ ቀይ ሥሩም ለልጆቻችን ገበታ እንደሚበጁ አልጠራጠርም። ነገር ግን ያን ያህል ገጽ ሲጻፍ ስለ ጌሾ አንድ መስመር የለም፤ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ዳማከሴ ጨርሶ አልተነሱም። እኔ ጢስ ዓባይ የምኖር የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለእኛ አገር ጓሮ ከሁሉ የሚጠቅሙት እነዚህ የተረሱት ናቸው ብዬ እከራከራለሁ። እነሱን ማቆየት ከተፈለገ ደግሞ ጫት ከቤት ግድግዳ ቢያንስ አምስት እርምጃ መራቅ አለበት።

ፏፏቴውን ለማየት ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ እንግዳ በእግሩ የሚያልፈው በጫት ማሳ መካከል ነው። በጣና ዙሪያም መስኖ በደረሰባቸው ብዙ ቀበሌዎች ነገሩ ከዚህ አይለይም። ገበሬውን አልወቅስም። ጫት ውኃ እስካገኘ ድረስ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፤ የልጅ ደብተርና ዩኒፎርም፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሕክምና ወጪ ከእሱ የሚሸፈንበት ቤት ብዙ ነው። ይህን ገቢ ጤና አዳም ይተካዋል ብዬ ማንንም አልዋሽም። የእኔ ጥያቄ ጫቱ የት ላይ ይቁም የሚል ነው። መጀመሪያ የበቆሎውንና የጤፉን ማሳ ያዘ። ቀጥሎ አጥሩን ተጠግቶ የነበረው ጌሾ ተነቀለለት። አሁን ደግሞ እናቶቻችን ለቡናቸው ቅጠል የሚቀነጥሱባትን፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ጠባብ መሬት እየወሰደ ነው።

ያቺ መሬት ለጫት ስትሰጥ የምናጣው ቦታውን ብቻ አይደለም። ጫት ተባይ ስለሚያጠቃው መድኃኒት ይረጫል፤ ረጪው መርጫውን በጀርባው አዝሎ ሲዞር ነፋሱ የወሰደውን ሊመልሰው አይችልም። ጎመን ቢያንስ ታጥቦ ይቀቀላል። ጤና አዳም ግን ተቀንጥሶ በቀጥታ ስኒ ውስጥ ይገባል። ዳማከሴ በመዳፍ ታሽቶ ጭማቂው አፍንጫ ላይ ይደረጋል፣ ይጠጣልም። ከጫቱ ጋር ትከሻ ለትከሻ የበቀለ ዳማከሴ ለታመመ ልጅ ሲጨመቅ አብሮ ምን እንደሚወርድ ማሰብ ያስፈራኛል። (ጫቱ ራሱ ጥሬውን የሚታኘክ መሆኑ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።) ንቦችንም መርሳት የለብንም፤ በሶብላና ኮሰረት ሲያብቡ ንብ ይሰፍርባቸዋል፣ ለነፍሳት የተሠራ መድኃኒት ደግሞ ንብን ከተባይ አይለይም።

አምስት እርምጃ ምን ይይዛል? በእኔ ሚዛን የጓሮው አውራ ጌሾ ነው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው፤ ያለ እሱ ድግስም፣ ማኅበርም፣ ተዝካርም የለም። ከጫት ጋር ላወዳድረውና፣ ጫት ከተቆረጠ በኋላ ሲደርቅ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ ስለሚፈርስ ትኩስነቱ ሳያልፍ መሸጥ አለበት። ስለዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው፤ ገበሬው ነገ እሸጠዋለሁ ብሎ ማሳደር አይችልም። ጌሾ ግን ደርቆ ይቀመጣል። ባለቤቱ ዋጋ እስኪሻል ትጠብቃለች፤ ሲያስፈልጋት ሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛለች፣ ሳትሸጠው ብትቀር ራሷ ትጠምቅበታለች። ባለቤቱ ያልኩት በሴት አንቀጽ አውቄ ነው። የጫቱ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በአባወራው እጅ ይገባል፤ የጌሾውና የጠላው ግን የሴቲቱ ነው። ጌሾው ሲነቀል እሷ በቤቱ ውስጥ የነበራት የገንዘብ አቅም አብሮ ይነቀላል።

ጌሾ ከዛፍ ጥላ ሥር ከቡና ጋር ተስማምቶ ሲኖር ማየት የፈለገ ሰው ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገር። ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለዚያ ባሕረ ገብ መሬት ያስገኙት አቡነ በትረ ማርያም መሆናቸው በአካባቢው ይተረካል። በበሬ ማረስም በልማድ ክልክል ሆኖ ቆይቷል። በእነዚሁ ተክሎች አንድ ማኅበረሰብ ጫካውን ሳይመነጥር ዘመናት ኖሯል።

ከጌሾው ቀጥሎ የማድ ቤት ቅጠሎች ይምጡ። ቅቤ ያለ ኮሰረት ቢነጠር ምን መዓዛ ይኖረዋል? በሶብላ ደርቆ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ይገባል፤ የጤና አዳም ፍሬም እንዲሁ። ዛሬ ብዙ ቤት እነዚህን ከገበያ በእስር በእስር ይገዛል፤ ድሮ ግን ለቡና ሰዓት ከጎረቤት አጥር ላይ ይጠየቁ ነበር። አተካከላቸው ደግሞ ቀላል ነው። ኮሰረትና ጤና አዳም በቁራጭ ይያዛሉ፤ ጤና አዳም ውኃ የሚቋጥር መሬት ስለማይወድ ከፍ ያለ መደብ ይሠራለት። በሶብላ ዝናቡ ሲይዝ በዘር ይዘራል። ጠጅ ሳር ከሥሩ ተከፍሎ በተዳፋቱ ጠርዝ ላይ ቢተከል አፈሩን ይይዛል፣ ለሻይም ይሆናል። ግራዋ ለጋን ማጠቢያ አንድ እግር ይበቃል። በበጋ የአትክልትና የእህል እጣቢ ለሁሉም ይዳረሳል። በጫቱ በኩል ያለው ዳር ደግሞ ጥቅጥቅ ባለ የስሚዛ አጥር ይከለል፤ ርጭቱን ጨርሶ ባያስቀረውም ይቀንሰዋል።

ስለ መድኃኒትነታቸው ስናወራ ግን መጠንቀቅ አለብን፤ እኔም ተማሪዎቼን የማስጠነቅቀው በዚህ ነው። ዳማከሴ ለምች ሲሰጥ ያላየ ሰው በእኛ አገር የለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናትም ከቅጠሉ የወጣ ንጥረ ነገር በአይጦች ላይ ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይቷል። ትኩሳት ማብረድና በሽታውን ማዳን ግን ይለያያሉ። ጢስ ዓባይ የወባ አገር ነው። ያተኮሰው ልጅ ዳማከሴ ታሽቶለት ሲቀለው ምች ነበር ተብሎ ከቤት ከዋለ፣ ወባው ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደም ይመርመር። ጤና አዳምም ማኅፀን የማነሳሳት ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት በብዛት ልትወስደው አይገባም። ይህን መናገር ተክሎቹን ማራከስ የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ደግሞ የሚሠራ ነገር ሁሉ ልክ እንዳለው ካላስተማርን ልጆቻችን ተክሎቹን ጭምር ይጠሏቸዋል እላለሁ።

እንዶድ ለዚህ ማስረጃዬ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ከዚያ ምልከታ የዓለም ሳይንቲስቶች የተነጋገሩበት ምርምር ተወለደ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. እሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። የጣና ዳርቻ ልጆች ዛሬም በቢልሃርዚያ ይያዛሉ። ሆኖም እንዶድ ሲበላ መርዝ ነው፣ ዓሣም ይገድላል፤ ቦታው ሕፃናት ከማይደርሱበት አጥር ላይ እንጂ ከማድ ቤቱ ቅጠሎች መካከል አይደለም፣ የታጠበበት ውኃም ወደ ወንዝ አይደፋ።

ችግኝ የሚያፈሉ ሁሉ ከአቮካዶውና ከማንጎው ጎን አንድ መደብ ለጌሾ ቢሰጡ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። ጓሮ ለጓሮ እየዞሩ የሚመክሩ የግብርና ባለሙያዎችም ከአባወራው ጋር ስለ ጫቱ ተነጋግረው ከመውጣታቸው በፊት ማድ ቤት ጎራ ብለው እመቤቲቱን ቢያማክሩ መልካም ነው፤ የትኛው ቅጠል ከጓሮዋ እንደጠፋ የምታውቀው እሷ ናት። ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ካሮትና ሰላጣን ዳግም ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ጌሾ ችግኝ አፈላልና የጫት ርጭት ከመኖሪያ ቤት ስለሚርቅበት መንገድ ባለሙያ አነጋግራችሁ አውጡልን፤ የምንተክለው በክረምት ነውና ሰኔ ሳይገባ ይድረሰን።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ መምህርት፣ ከጢስ ዓባይ