የደንበኝነት ነጥብ ይጠቅመናልን?

ለዕረፍት ወደ ዱርቤቴ ስሄድ ከባሕር ዳር አብሮኝ የተሳፈረ አንድ ወዳጄ መራዊን እንዳለፍን አንድ ሐሳብ አነሣ። እርሱ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው፤ መንገዱም እስከ ዳንግላ ስለሆነ ሐሳቡን አስፍቶ ለመናገር በቂ ጊዜ ነበረው። «በአየር መንገዳችን የሚጓዝ ሰው ሸባ ማይልስ ተብሎ የሄደበት ማይል ይቆጠርለታል፤ በባንክ የቆጠበ ሰው ዕጣ ይወጣለታል፤ በቴሌብር የአየር ሰዓት የሞላ ሰው ጭማሪ ያገኛል። ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ የመብራት ሒሳቡን ሳያጓድል የከፈለ ቤተ ሰብ ምን ተቆጠረለት? ነጥብ ይሰጠውና በነጥቡ ምጣድ ይግዛበት» አለኝ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው «እውነቱን ነው» አሉት። እኔ ግን የምስማማበትንም የምቃወምበትንም ቃል ሳላገኝ ዱርቤቴ ደረስንና ወረድሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያን ቀን ያልመለስሁለትን ለመመለስ ነው፤ ወዳጄም የዚህ መጽሔት አንባቢ ስለሆነ ቢቃወመኝ በሚቀጥለው እትም ቦታ አያጣም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ስፔሪ ኤንድ ሃቺንሰን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1896 አረንጓዴ ቴምብር ማደል ጀመረ፤ ባለ ሱቁ ለደንበኛው በገዛው መጠን ቴምብር ይሰጠዋል፤ ደንበኛውም በደብተር ላይ እየለጠፈ ደብተሩ ሲሞላ በድስት ወይም በብርድ ልብስ ይለውጠዋል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ግሪን ሺልድ የተባለው ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምሮ ከምግብ መደብር እስከ ቤንዚን ማደያ ተዳረሰ። በኋላ ቴምብሩ ወደ ካርድ ተለወጠ። ኔክታር የሚባለው የነጥብ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ተቋቁሞ፣ የብሪቲሽ ጋዝ ደንበኞች ለቤታቸው ጋዝና ኤሌክትሪክ ሲከፍሉ ነጥብ ያገኙበት ጊዜ ነበረ። 500 ነጥብ ቢጠራቀም 2 ፓውንድ ከ50 ፔኒ ነው፤ ይኸውም አንዱ ነጥብ የፔኒ ግማሽ ማለት ነው።

እኔን ከዚህ ሁሉ የገረመኝ ግን የማቆሙ ታሪክ ነው። ቴስኮ የተባለው ትልቅ መደብር እ.ኤ.አ. በ1977 ቴምብሩን አቁሞ ለቴምብሩ ያወጣ የነበረውን ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ላይ ቀነሰ። ገበያተኛው «ቴምብሬ ቀረብኝ» ብሎ አልሸሸም፤ እንዲያውም ጎረፈ። የቴምብሩን ዋጋ ከጥንቱም ይከፍል የነበረው ራሱ ገበያተኛው መሆኑ በዚህ ታወቀ። (ያው ቴስኮ እ.ኤ.አ. በ1995 በካርድ ነጥብ ወደ ቀድሞ ልማዱ መመለሱን ወዳጄ ሳያስታውሰኝ እኔው ልናገር። ነጋዴ የሚወድደው ነገር ቶሎ አይሞትም።)

ለዚህ ለዚህ እንኳ እስከ እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልግም ነበር። ነጥብ የሚባለው ነገር በእኛ ገበያ ስም አለው፤ ምርቃት ይባላል። ቃሉ ቡራኬም ነው፤ እኛም በመጨረሻው ዓመት ጋውን ለብሰን የምንቆምለት እርሱው ነው። በገበያ ግን ምርቃት ማለት ጣሳው ከተሰፈረ በኋላ በእፍኝ የምትጨመረው ናት። እናቴ ከሰል የምትገዛው ከአንዲት ሴት ብቻ ነው። ዋጋ ሲጨምርም ሲቀንስም ደንበኛዋን አትለውጥም፤ ሴትዮዋም ሰፍራ ስታበቃ «ይኸው እትዬ፣ ይኸ ደግሞ ለልጆቹ ሻይ» እያለች አንድ እፍኝ ትጨምራለች። እናቴ ይህችን እፍኝ ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ ደስ ይላታል።

እኔም የወዳጄ ነገር እየከነከነኝ ምርቃቷን ልመዝናት ተነሣሁ። ከአንድ ቅቤ ነጋዴ ሚዛን ተውሼ፣ ከእናቴ ደንበኛ አንድ ጣሳ ከነምርቃቱ፣ ከገበያው ዳር ከምትቀመጥ ከማታውቀን ሴት ደግሞ አንድ ጣሳ ያለ ምርቃት ገዝቼ መዘንሁ። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ነገሩ እንዴት ነው ብዬ በማግስቱ ተመልሼ የደንበኛችንን ጣሳ ሳየው፣ ቂጡ ወደ ውስጥ ተመትቶ ገብቷል። እፍኟ ቀድሞ ከጣሳው የጎደለችው ከሰል ናት ማለት ነው።

ይህን ግኝቴን እንደ ትልቅ ምሥጢር ለእናቴ ነገርኋት። እርስዋም ሳቀችብኝ። «ጣሳዋ መጎድጎዱን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አባትህ ታመው በተኙ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ በማን ከሰል ያነደድሁ ይመስልሃል? ያችኛዋ በዱቤ ትሰጠኝ ነበር?» አለችኝ። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ባትማርም የእርስዋ ሒሳብ ከእኔ ሚዛን የበለጠ ነበር። እናቴ የምትከፍለው ለእፍኟ አይደለም፤ በክፉ ቀን ፊት ለማይነሣት ሰው ነው። ደግሞም ሴትዮዋ ጣሳውን ከልክ በላይ ያጎደጎደች ዕለት እናቴ ወደ ገበያው ዳር መሄድ ትችላለች፤ ሴትዮዋም ይህን ታውቃለች። ደንበኝነታቸው የቆመው በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ላይ ነው።

እንግዲህ የወዳጄን ነጥብ በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። መጀመሪያ፣ ከመብራት ወዴት ይኬዳል? በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኀይል ባለሥልጣን ከተቋቋመ ጀምሮ፣ በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ኀይል አመንጪና አገልግሎት ሰጪ ተብሎ ለሁለት ከተከፈለም በኋላ፣ ዋናውን መስመር ወደ ቤታችን የሚያስገባው አንድ ድርጅት ብቻ ነው። በስልክ በኩል እንኳ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለተኛው ኩባንያ በአገሪቱ ሥራ ሲጀምር፣ ሁለቱም ጭማሪና ጉርሻ ማብዛታቸው ይገባል፤ ደንበኛው ሲም ካርዱን አውጥቶ ሊጥል ይችላልና። የኬንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2007 ቦንጋ የሚባለውን ነጥብ ያወጣውም ሌላ የስልክ ኩባንያ በነበረበት ገበያ ነው። የመብራት ቆጣሪ ግን እንደ ሲም ካርድ የሚነቀል አይደለም። መሄጃ ለሌለው ሰው የታማኝነት ሽልማት መስጠት፣ ዝናብ ስለዘነበበት ገበሬን እንደ ማመስገን ነው።

በውነቱ በዱርቤቴ የመብራት ተወዳዳሪ የለም ማለትም አይቻልም። ተወዳዳሪው ከሰሉ፣ ባሕር ዛፉና ኩበቱ ነው። ከእኛ በስተ ደቡብ በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየተከለ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ይጫናል። በቅርብ ዓመታት ግን ያን ዛፍ በሽታ መታው። ወዲህ ደግሞ በሰሜን አቸፈር በቁንዝላ በኩል የጣና ውኃ በዋሻ ገብቶ ወደ በለስ ይወርዳል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድባችንም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ ሁሉ ኀይል በአጠገባችን እያለ የእናቴ ማድ ቤት ዛሬም የሚሸተው ከሰል ነው። ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣዱ ግሎ ሳለ መብራት ቢጠፋ ነጥብ እንጀራ አይጋግርምና፣ ባለ ቤቷ ከሰሉን ከጓዳ አታጠፋም። ድርጅቱ ከሰሉን ሊያሸንፍ ቢፈልግ መሸለም የሚገባው በማያቋርጥ መብራት ነው፤ ለዚህም ካርድ ማሳተም አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል። ነጥብ በከፈሉት መጠን የሚታደል ከሆነ ብዙ ያነደደ ብዙ ያገኛል። የእኛ ታሪፍ ግን ከጥንት የተሠራው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጥቂት ያነደደ በርካሽ፣ ብዙ ያነደደ በውድ ይከፍላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየደረጃው የተፈጸመውን ማሻሻያ እንውሰድ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 0.2730 ብር ይከፍል ነበር፤ ያ ዋጋ ማሻሻያው ሲፈጸምም አልተነካም። ከ500 በላይ ለሚጠቀመው ግን በመጨረሻው ደረጃ 2.4810 ብር ደረሰ፤ ዘጠኝ እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ በታቀደው አዲስ ታሪፍም ጥቂት ተጠቃሚውን የመደጎሙ መሠረት አልተተወም።

አሁን በዚህ ላይ ከመቶ አንድ የሚሆን ነጥብ እንጨምርበት። በዚያ በፊተኛው ታሪፍ 50 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመች ባልቴት፣ የአገልግሎት ክፍያው ሳይቆጠር፣ የምትከፍለው 13 ብር ከ65 ሳንቲም ነው፤ ነጥቧም 13 ሳንቲም ተኩል ያህል ይሆናል። ለአንድ ክብሪት አይበቃም። የውኃ ማሞቂያና ሁለት ማቀዝቀዣ ያለው ባለ ፎቅ ግን በየወሩ ነጥቡ ይከመርለታል። ታሪፉ በአንድ እጁ የወሰደበትን ነጥቡ በሌላ እጁ ይመልስለታል፤ የነጥቡም ወጪ ከአየር አይመጣምና ባልቴቲቱም ታዋጣለች። ወዳጄ «ነጥቡ ለድሃው ይብዛ» ቢለኝ፣ እንግዲያው ታሪፉን መቀነስ ምን ከለከለን? ብዬ እመልስለታለሁ።

ወደ ራሳችን ስንመጣስ? አብዛኞቻችን በባሕር ዳር የምንኖረው በኪራይ ክፍል ነው። ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው፤ እኛ የምንከፍለው በአምፖል ቁጥር ተገምቶ ነው፤ ካውያ ከተሰካማ ጠብ ነው። አምስት ክፍል በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሒሳቡ ተደምሮ ወደ ላይኛው የታሪፍ እርከን ይወጣል፤ ስለዚህ ለድሃው የታሰበው ርካሽ ዋጋ ለተከራይ ድሃ አይደርሰውም። ነጥብ ቢመጣም የሚገባው በባለ ቆጣሪው ስልክ ነው። ወዳጄ ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ እርሱም እንደ እኔ ተከራይ መሆኑን እንዴት እንደ ረሳው አላውቅም። ስለ መብራት የሚሟገት የተማሪ ማኅበር ቢኖረን፣ ከነጥብ አስቀድሞ የሚጮኽበት ጉዳይ የተከራይ ቆጣሪ መሆን ነበረበት።

ወዳጄን ፈጽሞ ላሳፍረው አልወድም፤ ከሐሳቡ ውስጥ አንድ ፍሬ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት የሚጋግር ቤት በወር ለምጣዱ ብቻ 30 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሄድበታል። ይህ ሁሉ ምጣድ ማታ በአንድ ጊዜ፣ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ሁሉ በበራበት ሰዓት ሲጣድ መሥመሩና ትራንስፎርመሩ ይጨነቃል። እንግዲህ «በቀትር የጋገረ ይቀነስለታል» ቢባል፣ ባለ ቤቷ ለድርጅቱ የምታደርግለት እውነተኛ ውለታ አለ፤ ዋጋውም ይገባታል። ነገር ግን ይህ የታማኝነት ሽልማት ሳይሆን የሥራ ዋጋ ነው፤ ደግሞም ሰዓት ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ በየቤቱ ይጠይቃል። ለነጥብ ካርድ የሚወጣ ገንዘብ ካለ ለዚያ ቆጣሪ ቢውል አልቃወምም።

ወደ ባሕር ዳር ከመመለሴ በፊት እናቴ ከሰል እንዳመጣላት ላከችኝ። ደንበኛችን በዚያው በጎደጎደው ጣሳ ሰፈረችልኝ። እኔም ድፍረት ቢጤ ተሰምቶኝ «እንግዲህ ምርቃቱን ይተዉትና ጣሳውን ቢያቃኑትስ?» አልኋቸው። አላፈሩም። «አንተ ልጅ፣ ጣሳውን ባቀናው እናትህ ምን ብዬ ልመርቃት?» አሉኝና አንድ እፍኝ ጨመሩ። የዱቤውን ቀሪ ሒሳብም በዚያው ከፍዬ መጣሁ።