“ሙዚየም ይግባ!”

በእኛ ቋንቋ “ይሄስ ሙዚየም ይግባ!” ከተባለ ነገሩ አለቀለት ማለት ነው። ያረጀ ራዲዮ፣ ያረጀ አለቃ፣ ያረጀ ሐሳብ… ሁሉም በአንድ ቃል ይሸኛል። ሙዚየም በአፋችን ላይ የክብር ቦታ ሳይሆን የጡረታ ቤት ነው። እኔም እንግሊዝ አገር ግሮቭ የምትባል መንደር ሄጄ የዊሊያምስን የውድድር መኪና ሙዚየም እስካይ ድረስ አባባሉን እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

ይኸውላችሁ፣ ለንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው “ና ላሳይህ” ብሎ የወሰደኝ። መካኒክ ነው፤ ፎርሙላ ዋን ሲነሳ እህል ውኃ ይረሳል። እውነቱን ለመናገር ያየሁት አስደንቆኛል። ፍራንክ ዊሊያምስና ኢንጂነሩ ፓትሪክ ሄድ ይህን ቡድን በ1977 ሲመሠርቱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሥራ የጀመሩት ዲድኮት በሚባል ከተማ ባዶ በነበረ የምንጣፍ መጋዘን ውስጥ ነው። በ1979 ሲልቨርስቶን ላይ የመጀመሪያውን ድል አገኙ። ከዚያ እስከ 1997 ድረስ 9 ጊዜ የቡድኖች፣ 7 ጊዜ ደግሞ የሾፌሮች ሻምፒዮና ቤታቸው ገባ። ፍራንክ ዊሊያምስ በ1986 በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ሽባ ሆነው ከዚያ ወዲህ ቡድኑን የመሩትም ሆነ ቀሪ 35 ዓመታቸውን የኖሩት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው።

ወዳጄ ባለስድስት ጎማዋን መኪና ሲያይ ቀልቡን ሳተ። በ1982 ተሠርታ ተሞከረች። ወዲያው ከአራት ጎማ በላይ የሚከለክል ሕግ ወጣና አንድም ቀን ሳትወዳደር ቀረች። “አየህ፣ ያልተሳካላቸውንም አልጣሉም!” አለኝ። እውነቱን ነው። ያልሮጠችን መኪና ይዞ ማቆየት ትልቅ ነገር ነው።

“እሺ፣ የሴና ምልክትስ?” አልኩት። ዝም አለ።

አይርተን ሴናን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ሰውየው ብራዚላዊ ነው። በ1988፣ በ1990 እና በ1991 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሦስቱንም ያገኘው ግን በማክላረን መኪና ነው። ወደ ዊሊያምስ የመጣው በ1994 ሲሆን፣ ለእነሱ የተወዳደረው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አንዲት ነጥብ እንኳ አላስገኘላቸውም። በሦስተኛው ውድድር፣ ሜይ 1 ቀን 1994 ኢጣሊያ ውስጥ ኢሞላ ላይ፣ ታምቡሬሎ በሚባለው ኩርባ ከግንብ ተላትሞ ሞተ። የመሪው ዘንግ ጉዳይ በኢጣሊያ ፍርድ ቤቶች እስከ 2007 ድረስ ሲያከራክር ቆይቷል።

ቡድኑ ከ1995 ጀምሮ በሚሠራት በእያንዳንዷ መኪና ላይ የሴናን ትንሽ የ“ኤስ” አርማ ማኖር ያዘ። የሲጋራው ማስታወቂያ ሄደ፣ የኮምፒውተሩ መጣ፣ የባንኩም መጥቶ ሄደ። ያቺ ምልክት ግን 27 የውድድር ዘመን ንቅንቅ አላለችም። በዚያ ሁሉ ማስታወቂያ መካከል ስለ ድልም ስለ ገንዘብም የማታወራ እሷ ብቻ ነበረች።

በ2020 ቤተሰቡ ቡድኑን ዶሪልተን ካፒታል ለተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሸጠ። ፍራንክ ዊሊያምስ በኖቬምበር 2021 አረፉ። በፌብሩዋሪ 2022 አዲሷ መኪና ስትገለጥ ምልክቷ የለችም! አዲሶቹ ኃላፊዎች ምክንያት አላጡም። ወደፊት ማየት እንፈልጋለን፤ ሾፌሮቻችን መኪና ውስጥ በገቡ ቁጥር የሰው ሞት ማስታወስ የለባቸውም፤ ለሴና በሙዚየማችን ቦታ እናዘጋጅለታለን አሉ። በአጭር አማርኛ፣ ሙዚየም ይግባ!

ወዳጄ ለእነሱ ተከራከረላቸው። “እኛ እኮ እንኳን ለባዕድ ለወለደ እናታችንም ቢሆን ዓመት ሲሞላ ጥቁር እናወልቃለን። እነሱ 27 ዓመት ለብሰዋል። ምን አድርጉ ነው የምትላቸው?”

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ተሳስቷል። ጥቁር ልብስ የሐዘን ነው፤ ሐዘን ደግሞ ይወጣል። ያቺ ምልክት ግን የሐዘን ሳትሆን የዕዳ ነበረች። “በእኛ መኪና ውስጥ ሰው ሞቷል” የምትል፣ ቡድኑ በራሱ ላይ የፈረመው ሰነድ ናት። ዕዳ ደግሞ ዓመት ስለሞላው አይሰረዝም።

“ሾፌሩን ታስጨንቃለች” የሚለውም አይዋጥልኝም። በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ ሰው ሞት እንዳለ አርማ አይነግረውም። ምልክቷን ማየት ያለበት ሾፌሩ ሳይሆን ብረት የሚቆርጠው፣ ብሎን የሚያጠብቀው፣ “ለዛሬ ይበቃል” ብሎ የሚፈርመው ነው። ለእሱ ደግሞ ቦታዋ መስታወት ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊቱ፣ እጁ ሥር ነው። ሙዚየም ሰው ትኬት ቆርጦ፣ በትርፍ ጊዜው፣ ፎቶ ሊነሳ የሚሄድበት ነው። መኪናዋ ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት።

ሙዚየም ሁሉንም ያስታውሳል ለሚለኝ ደግሞ ሌላ ሰው ልጥቀስ። ሴና ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ እዚያው ኢሞላ ላይ፣ ሮላንድ ራትዘንበርገር የሚባል ኦስትሪያዊ ሞቷል። ሲምቴክ ለሚባል ትንሽ ቡድን ነበር የሚነዳው። ሲምቴክ በ1995 ከሰረ፤ በቃ! ቡድኑ ስለሌለ ሙዚየም የሚከፍትለትም የለም። አያችሁ፣ ሙዚየም የሚያስታውሰው ባለቤት ያለውን ሙት ነው። ሴና ግን ራትዘንበርገርን አልረሳውም ነበር። ከአደጋው በኋላ መኪናው ውስጥ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኝቷል። ለሟቹ ክብር ሊያውለበልባት ይዟት የገባ ነበረች። ያን ቀን ትዝታ የተቀመጠው መደርደሪያ ላይ አልነበረም፤ ከሾፌሩ ጋር መኪና ውስጥ ነበር።

እኔ የሙዚየም ጠላት አይደለሁም። ባለስድስት ጎማዋን ላቆዩ እጆች ምስጋና ይገባቸዋል። ያለፈው ድል ሙዚየም ይግባ፣ ደስ ይበለን! ዋንጫውም ይግባ፣ ይወልወል። ዕዳ ግን ሙዚየም አይገባም። ያቺ ትንሽ አርማ ወደ መኪናዋ ትመለስ። ገንዘብ አታስወጣም፤ ክብደትም የላትም።

ስንወጣ ወዳጄን “አንተ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይሰቀላል?” አልኩት። ትንሽ አሰበና “አይሰቀልም። ግን አንድ ጊዜ ፍሬን ያላጠበቅኩለት ሰው ነበር፤ ተርፏል። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ነው የማየው” አለኝ።

ይኸው ነው። እሱ ምልክቱን ሙዚየም አላስገባውም።