የደብረ ብርሃን ውሃ ሂሳብ ይውጣ!
በ1992 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ቅድሚያ ለማን እንደሆነ አላሻማም፤ ለቤት ፍጆታ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የቢራ ጠማቂውም፣ የውሃ አሻጊውም፣ የነዋሪውም ዓይን ያው ከርሰ ምድር ላይ ነው።

ከከተማዋ ሥር ሐይቅ አልተኛም። ያለው ባዛልት ነው፤ ውሃው የሚገኘው በዓለቱ ስንጥቅና በተፈረካከሰው ንብርብር ውስጥ ነው። ቦታው የተፋሰስ ጫፍ ነው፤ ከአንኮበር አፋፍ በምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ፣ በበሬሳ የሄደው በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይነጉዳል። ከሌላ አገር ፈስሶ የሚደርስልን ወንዝ የለም፤ ያለን የዘነበልን ነው።

ስለዚህ «ጉድጓድ እንጨምር» ብቻውን መልስ አይሆንም። ተቀራርበው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ይሻማሉ። የየጉድጓዱ የፓምፕ ፍተሻ ውጤት፣ በየወሩ የሚቀዳው መጠንና የውሃው ጥልቀት ለሕዝብ ይገለጽ። አዋጁ ውሃውን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ብሎታል። የጋራ ሀብት ሂሳቡ አይደበቅም!