ስሙ አንድ፣ ፕሮግራሙ ሌላ

ላብ ውስጥ «ሜይል» የሚለውን ትእዛዝ አንድ ቀን ያልጻፈ ተማሪ መካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም «ሜይል» አንድ ፕሮግራም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጉደር ያሉ አንዲት ጸሐፊ እስኪያስተምሩኝ ድረስ።

ለአንድ የቁጠባ ማኅበር የሂሳብ ዝርዝር በየሌሊቱ በኢሜይል የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት ላብ ውስጥ ጻፍኩ። ማሽኑ ሴንትኦኤስ 7 ነበር። እዚያ ላይ ያለው ሄርሉም ሜይልኤክስ ስለሆነ «ሰረዝ ትንሹ ኤ» ሲባል «ይህን ፋይል አያይዝ» ማለት ነው። ሠራ፣ ደስ አለኝ። ኡቡንቱ ወዳለበት ላፕቶፔ ስወስደው ግን የጠበቀኝ ቢኤስዲ ሜይልኤክስ ነው። ለእሱ ያው ፊደል «ይህን መስመር ደብዳቤው ራስጌ ላይ ጨምር» ማለት ነው። ስህተት አለ ብሎም አልነገረኝም። ደብዳቤው ደረሰ፣ ዝርዝሩ የለም። ጸሐፊዋ በሦስተኛው ቀን ፍላሽ ይዘው አምቦ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ ባዶ ፖስታ ነው እኮ የምትልክልን!» አሉኝ።

ስክሪፕቱን ወደ ላቡ ማሽን መለስኩት። ዝርዝሩ ተያያዘ፤ አሁን ደግሞ የአማርኛው ጽሑፍ ራሱ የማይከፈት ፋይል ሆኖ ደረሰ። በእጄ ስሞክረው ደህና ነው፣ ሌሊት በክሮን ሲሄድ ይበላሻል። ለካስ ክሮን የእኔን የቋንቋ መቼት አይወርስም። ሄርሉም ደግሞ መቼቱ ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ የግዕዝ ፊደላትን እንደ ጽሑፍ አይቆጥራቸውም፤ ምንነቱ እንደማይታወቅ ባይነሪ ፋይል ነው የሚልካቸው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ላንግ» የሚለውን ቫሪያብል ዩቲኤፍ-8 ማድረግ በቂ ነበር። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ችግር ዕድሜ ልኩን ላያየው ይችላል።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ከርት ሾንስ የበርክሌዩን ሜይል በ1978 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ፋይል የሚያያዝበት ማይም የሚባል ስታንዳርድ አልነበረም። የ2008ቱ ፖዚክስም ለርዕስ «ሰረዝ ኤስ»ን ይደነግጋል እንጂ ስለ ማያያዝ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁሉም በየፊናው ጨመረ፦ ሄርሉምና ኤስ-ኔይል ትንሹን ኤ፣ ጂኤንዩ ሜይልዩቲልስ ትልቁን ኤ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የእኛ ፈተና ነው። አንድ ጓደኛዬ ትልቁን ኤ ጽፎ ኤክስ ገባበት፤ ቤቱ ላፕቶፑ ላይ ግን ይሠራል። ከጥያቄው አጠገብ የፕሮግራሙ ስምና ቨርዥን ቢጻፍ ምን ይጎዳል? ተማሪውስ መልሱ ላይ የትኛውን እንደተጠቀመ ከገለጸ ለምን ማርክ አያገኝም? «ኧረ በቴሌግራም ዘመን!» የምትሉኝ አላችሁ። ሌሊት ባክአፕ ሲከሽፍ ሰርቨሩ ብዙ ጊዜ የሚጽፍልን በዚሁ በሜይል ነው።

አሁን ስክሪፕቴ የማይሙን ደብዳቤ ራሱ አዘጋጅቶ ለ«ሴንድሜይል» ይሰጣል፤ ሁለቱም ማሽን ላይ ይሠራል። ጸሐፊዋ ግን ዛሬም በወሩ መጨረሻ ፍላሻቸውን ይዘው ይመጣሉ።