ሳይዞር የሚያዞር ብዥታ

በቴሌቪዥን የሚታዩትን የካርቱን ማስታወቂያዎችና የፕሮግራም መክፈቻዎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይሰለቸው አይቀርም። ጽሑፉ ሊወጣ ሲል ብዥ ይላል። መኪናው ሊነሣ ሲል ብዥ ይላል። የሳሙናው እሽግ ወደ ዓይናችን ሲወረወር ዙሪያ ገባው ሁሉ ብዥ ይላል። የሙያው ሰዎች «ራዲያል ብለር» ይሉታል፤ ሥዕሉን በአንድ ነጥብ ዙሪያ እንደ ወፍጮ የሚያሽከረክር፣ ወይም ከዚያው ነጥብ አንሥቶ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ዳር የሚስብ የኮምፒዩተር ብልሃት ነው።

መሣሪያውን አልጠላውም፤ እኔም በሥራዬ እጠቀምበታለሁ። ጠቤ «ብለር የሌለው አኒሜሽን ደረቅ ነው» ከሚለው፣ አሁን አሁን እንደ ቀኖና ከተያዘው አባባል ጋር ነው። ይህ አባባል ሥዕል የማይችለውን ሠዓሊ እያስመሰለ፣ የሚችለውን ደግሞ ከገበያ እያስወጣ ነው።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። የፊልም ካሜራ በሰከንድ 24 ፍሬም ያነሣል፤ ለእያንዳንዱም ፍሬም መዝጊያው እንደ ልማዱ ለ1/48ኛ ሰከንድ ክፍት ይሆናል። በዚያች ቅጽበት የተንቀሳቀሰ ነገር የሄደበትን መንገድ በፊልሙ ላይ አትሞ ያልፋል። ብዥታ ይኸው ነው፤ የመንገድ አሻራ። በእጅ የተሣለ ካርቱን ግን እያንዳንዱ ሥዕል ቆሞ ስለሚነሣ አሻራ የለውም። ታዲያ የቀድሞዎቹ ምን አደረጉ? ደረቅ ነው ብለው አልቅሰው ተቀመጡ? ቻክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1942 «ዘ ዶቨር ቦይስ» በተባለው አጭር ፊልሙ ገጸ ባሕርያቱን ከአንድ አቋቋም ወደ ሌላው ሲያሻግር፣ በመካከሉ አካላቸውን እንደ ሊጥ ለጥጦ አሣለው። ለጥቂት ፍሬም ብቻ ስለሚቆይ ተመልካቹ ልጥጡን ሳይሆን ፍጥነቱን ያያል። ያ ልጥጥ የሰው ውሳኔ ነው፤ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

የዙር ብዥታማ ከካሜራም ይቀድማል። ስፔናዊው ቬላስኬዝ በ17ኛው መቶ ዓመት በሣለው፣ ዛሬ በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም በሚገኘው «ፈታዮቹ» በተባለው ሥዕል ላይ አንዲት ሴት በመንኰራኩር ስትፈትል ትታያለች። የመንኰራኩሩን ዘንጎች ግን ብትፈልጉ አታገኟቸውም። ሠዓሊው ዘንጎቹን ትቶ የሚያብረቀርቅ ስስ ክብ ብቻ አስቀረ። ከአያቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ እንዝርት ሲሾር ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም፤ ሲፈጥን መልኩ ይጠፋል፣ ሲዘገይ ተመልሶ ይመጣል። ቬላስኬዝ ታዲያ መንኰራኩሩ ዞረ ብሎ ክፍሉን ሁሉ አላሽከረከረውም።

የእኛዎቹስ? ቁጥር ልጥቀስ። በሰከንድ ሁለት ጊዜ የሚዞር የጋሪ ጎማ በአንድ ፍሬም 30 ዲግሪ ይሄዳል። መዝጊያው ለግማሹ ጊዜ ብቻ ክፍት ነውና እውነተኛው ብዥታ 15 ዲግሪ ነው። እኔ የማየው ግን 60 እና 90 ነው። ፈረሱ ረጋ ብሎ እየሰገረ ጎማው የአውሮፕላን ሞተር ሆኖ ይዞራል! ጋሪው ሲቆምም ብለሩን ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ የሚያወርደው የለም፤ ጋሪው ቆሞ ጎማው ብዥ እንዳለ ይቀራል። ሌላም አለ። በሚዞር ጎማ ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ከጎማው ጋር አይዞርም፤ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ብርሃኑና ጥላው በሌላ ሌየር ተሥሎ ከብለሩ በላይ መቀመጥ አለበት። በሰያፍ የሚታይ ጎማ ደግሞ ክብ ሳይሆን የእንቁላል ቅርጽ ነው፤ ክብ ብዥታ ሲጫንበት ከቦታው የወለቀ ይመስላል። መጀመሪያ ፊት ለፊት እንደሚታይ አድርጎ መሣል፣ እዚያው ማደብዘዝ፣ ከዚያ በኋላ ማዘንበል ነው። ይህን ለማድረግ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጎማ አይቶ ማወቅ ይበቃል።

ወደ ዳር የሚስበው የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዎርስ» መርከቧ ስትፈተለክ ከዋክብቱ መስመር ሆነው የሚለጠጡት ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ነው፤ ነጥቡም መርከቧ የምትሄድበት ነው። በእኛ ማስታወቂያ ነጥቡ ሶፍትዌሩ ባስቀመጠበት በስክሪኑ እምብርት ላይ ተትቶ እሽጉ በቀኝ በኩል ይመጣል። ዓይን ወደ አንዱ ሲጎተት ሥዕሉ ወደ ሌላው ይሄዳል። ይህ ራስ ምታት ነው እንጂ ፍጥነት አይደለም።

አንድ አሠሪ «ልጅቷ ስትሮጥ ደረቅ አለችብኝ፤ ብለር ጨምርባት» አሉኝ። እግሯ መሬት የሚረግጥበት ሥዕል እንደጎደለ፣ ሁለት ሥዕል ብጨምር እንደሚስተካከል አስረዳሁ። «ለተጨማሪ ሥዕል አንከፍልም፤ ብለሩ እንደሆነ ነጻ ነው» አሉ። ልጅቷም እግር አልባ ሆና በጭጋግ ውስጥ ሮጠች።

የሚቃወሙኝ የሙያ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ክርክር ግን ቀላል አይደለም። ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ቢባል ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 360 ሥዕል ነው፤ የሚሰጠን ሦስት ቀን ነው፤ በብለር ካልሸፈንነው በምን እንሸፍነው? ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሦስት ቀን አይበቃም። ነገር ግን መሸፈን ለምን አስፈለገ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን የሸረሪት ሰው ካርቱን፣ «ኢንቱ ዘ ስፓይደር ቨርስን» ያዩ ይመስክሩ። ሠሪዎቹ ኮምፒዩተሩ ብዥታውን በራሱ ሊያደርግላቸው ሲችል ሆን ብለው ተዉት፤ በብዙ ቦታ አንዱን አቋቋም ለሁለት ፍሬም እያቆዩ፣ ፍጥነቱን በመስመርና በልጥጥ አሳዩት። ደረቅ ነው ያለ ሰው አልገጠመኝም። ሥዕላችን ጥቂት ከሆነ ጥቂቷን ጥርት አድርገን እናሳያት።

«መሣሪያ የለንም» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። የጃፓኑ ጊብሊ ስቱዲዮ ይሠራበት የነበረው ቱንዝ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «ኦፕን ቱንዝ» ተብሎ በነጻ ይገኛል፤ ራዲያል ብለሩም በውስጡ አለ።

ገንዘብ የምትከፍሉ አሠሪዎችም፣ ሥራው አልቋል ተብላችሁ ለማየት ስትጠሩ፣ ብለሩ ጠፍቶ አንድ ጊዜ እንዲታይ ጠይቁ። አንድ ቁልፍ መጫን ነው። የልጅቷ እግር መሬት መርገጥ አለመርገጡን ያኔ ታዩታላችሁ፤ ካልረገጠ የሁለቱን ሥዕል ዋጋ ጨምሩ።