ሰባቱስ ወዴት አሉ?

የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤት በወጣ ማግስት ባለው እሑድ የቤተ ክርስቲያናችንን መድረክ ተመልከቱ። ያለፉት በስም ይጠራሉ፤ ማይክ ይሰጣቸዋል፤ ኪቦርዱ ከሥር እየተጫወተ ጉባኤው እልል ይላል። ያላለፉት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ይህን የምጽፈው ተቀምጠው ለሚያጨበጭቡት ነው። ማይኩን የምንይዘው አገልጋዮችም ብንሰማው አይጎዳንም።

እኔም አጨብጭቤአለሁ። ፈተናው ሊደርስ ሲል ዐሥራ አንድ ሆነን ወደ ፊት ወጣን፤ ተንበረከክን፤ እጅ ተጫነልን። አገልጋዩ ዳንኤልን ጠቅሶ «ዐሥር እጥፍ!» እያለ ዐወጀ፤ እኛም «አሜን» አልን። ውጤቱን ስከፍተው ከማለፊያው ስድስት ነጥብ ጎድሎኛል። ከዐሥራ አንዳችን አራቱ አለፉ፤ ሰባታችን ወደቅን። በቀጣዩ እሑድ አራቱ ተጠሩ። ስለ ሰባቱ ግን አንድም ቃል የተናገረ አልነበረም።

ከሰባቱ አንዷ በመዘምራን ውስጥ ለዓመታት ያገለገለች እኅታችን ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ መምጣት ተወች። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት፣ «ወንድሜ፣ ወይ እግዚአብሔር ዋሽቶኛል፣ ወይ እኔ የማላውቀው ኀጢአት አለብኝ። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ንገረኝ» አለችኝ። አስተማሪዋ ነኝ፤ መልስ ግን አልነበረኝም። በልቤ የምጠይቀው ይህንኑ ነበርና።

ዛሬ መልስ አለኝ። ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ነጥብ ነጥብ ነው። ትንቢት አይደለም፤ የእግዚአብሔር ፍርድም አይደለም። ትንቢትና ፍርድ ያደረግነው እኛ ነን።

ፈተናው የሚለካውን እንመልከት። ቀድሞ ዩኒቨርሲቲዎች አመልካቾቻቸውን በየራሳቸው ይፈትኑ ነበር። ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አንድ ብሔራዊ ፈተና አለ። በዋናነት የሚፈትሸው በእንግሊዝኛ የተጻፈን አንብቦ መረዳትን፣ በቁጥር ማስላትንና ነገርን ከነገር አያይዞ ማመዛዘንን ነው፤ ይህ ሁሉ ሰዓት እየሮጠ። ማኅበራዊ ሳይንስ ተምሮ ስድስት ዓመት ቢሮ የሠራ ሰው ከመቶኛ ስሌት ጋር ከተለያየ ቆይቷል። በአንድ ደቂቃ አስላ ሲባል እጁ ቢንቀጠቀጥ ልምምድ ጎድሎታል እንጂ ጋኔን አልያዘውም። ጌታን ምን ያህል እንደምትወዱ የሚጠይቅ ጥያቄ በዚያ ፈተና ውስጥ የለም። ሌሊቱን የታመመች እናታችሁን ስታስታምሙ አድራችሁ እንደ ገባችሁም ፈተናው አያውቅም። ስድስት ነጥብ ማለት ጥቂት ጥያቄዎች ማለት ነው። ያው ሰው በሌላ ቀን፣ በቂ እንቅልፍ ተኝቶ፣ ሊያገኛቸው ይችላል።

«ውድቀት የእርግማን ምልክት ነው፤ የታሰረ ነገር አለ» የሚሉ ወገኖች አሉ። እስቲ አሳባቸውን እስከ መጨረሻው እንከተለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ታዲያ ከመቶው የሀገራችን ተፈታኝ ዘጠና ስድስቱ ተረግሟል ልንል ነው? ወረርሽኝና ጦርነት ያቋረጡትን ትምህርት፣ መጽሐፍ ያልደረሰውን ክፍል፣ መምህር ያላገኘውን ተማሪ እያየን ጋኔን ፍለጋ መሄድ መንፈሳዊነት አይደለም። ጋኔን ሲከሰስ ከሰው ወገን የሚጠየቅ አይኖርም፤ ለዚህም ነው የሚመቸን።

ጥቅሶቻችንንም እንመርምር። የዳንኤልና የጓደኞቹ ዐሥር እጥፍ የመጣው መቼ ነው? የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማሩ ሦስት ዓመት ተመድቦላቸው፣ ተምረው ከጨረሱ በኋላ ነው። እኛ ሦስቱን ዓመት ቆርጠን ጥለን ዐሥሩን እጥፍ ብቻ ለወጣቱ እናድላለን።

ለምረቃ ስጦታ በፍሬም የምናሠራው ኤርምያስ 29 ቁጥር 11 ነው። ቁጥር 10ን በፍሬም ያሠራ ሰው ግን አላየሁም፤ የሚናገረው ስለ ሰባ ዓመት ነውና። ደብዳቤው የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። ኤርምያስ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ለተማረኩባትም ከተማ እንዲጸልዩ አዘዛቸው። «ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ያበቃል» የሚል ሌላ ነቢይም በዚያ ዘመን ነበር። ሐናንያ ይባላል፤ ምዕራፍ 28ን አንብቡ። ደስ የሚያሰኘውን የተናገረው እርሱ ነበር፤ ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘውም እርሱ ነው። ያልተላክንበትን «ታልፋላችሁ» በመድረክ ስናውጅ የማንን ወንበር እንደ ተቀመጥንበት እናስብ።

አንድ ሰው ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 በይሁዳ ቦታ ለመተካት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ኢዮስጦስ የሚሉት ዮሴፍና ማትያስ። መስፈርቱ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ጋር መቆየት ነበር፤ ሁለቱም አሟልተዋል። ተጸለየ፤ ዕጣ ተጣለ፤ ለማትያስ ወጣ። ስለ ዮሴፍ ኀጢአት የተጻፈ ነገር ታገኛላችሁ? የለም። ከጌታ ጋር የቆየባቸው ዓመታት ዕጣው ለሌላው ስለ ወጣ አልተሰረዙበትም።

«ታዲያ አንጸልይ? አንመስክርም?» ትሉኝ ይሆናል። እንጸልይ እንጂ! የአራቱ ደስታ ደስታዬ ነው፤ ለጌታ ምስጋና ማቅረባቸውም ተገቢ ነው። ጥያቄዬ ስለ ጸሎታችን ይዘት ነው። እንዲረጋጉ፣ ያጠኑትን እንዲያስታውሱ፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን እንዲጸኑ እንጸልይላቸው። ውጤቱን ግን ቀድመን በጌታ ስም አንፈርም። ፈርመን ሳይሆን ሲቀር ዕዳውን የምትከፍለው በቤቷ ተቀምጣ ኀጢአቷን የምትፈልገው ያቺ እኅት ናት።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። አልቅሱ። ኢየሱስ አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ አልቅሷል። «ለበጎ ነው» ብሎ እንባችሁን ለማድረቅ የሚቸኩል ወዳጅ ቢመጣ አመስግኑትና ማልቀሳችሁን ቀጥሉ። ለጎረቤት ሁሉ ያወራ አባት ካላችሁ ውጤቱን ከእናንተ ይስማ፤ ከሌላ ሰው ሲሰማ ሁለት ጊዜ ያዝናል።

ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሳትረሱት፣ የትኛው ክፍል እንደ ከበዳችሁ ጻፉ። ሰዓት አጥሯችሁ ነው ወይስ ጥያቄውን አታውቁትም ነበር? መድኀኒታቸው የተለያየ ነው። የሰዓት ችግር ሰዓት ይዞ ደጋግሞ በመለማመድ ይቀላል። ሒሳቡን ረስታችሁት ከሆነ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሩ፤ አትፈሩት፣ ማንም አያያችሁም። እንግሊዝኛው ከሆነ በየቀኑ ሁለት ገጽ አንብባችሁ የተረዳችሁትን በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ሦስት አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ። ፈተናው እንደገና ይሰጣል።

ደግሞም ራሳችሁን በሐቅ ጠይቁ። ሁለተኛ ዲግሪውን የፈለጋችሁት ለሥራችሁና ለጥሪያችሁ ነው ወይስ ሰርግና ለቅሶ ላይ ስትጠሩበት ደስ እንዲላችሁ? ለሥራችሁ ከሆነ አንድ ውድቀት አያስቁማችሁ። ለስም ከሆነ ግን ይህ ውጤት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አትርፎላችሁ ይሆናል።

እኔ እንደገና ተፈትኛለሁ። ምን እንዳመጣሁ ግን እዚህ አልጽፍም። አለፍኩ ብል ይህ ጽሑፍ ሌላ የድል ምስክርነት ይሆንና የተናገርኩትን ሁሉ ያፈርስብኛል። ወደቅኩ ብል ደግሞ ታዝኑልኛላችሁ። በጌታ ዘንድ ያለኝ ስፍራ በሁለቱም አልተለወጠም፤ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ለእኛ ለአገልጋዮች አንድ ልመና አለኝ። ከፈተና በፊት ዐሥራ አንድ ሰው ወደ ፊት ከጠራን፣ ከፈተና በኋላም ዐሥራ አንዱንም እንጥራ። ያለፉት ያመስግኑ። የወደቁትም ማይኩን ይያዙ፤ «አዝኛለሁ፤ ዛሬም ግን ጌታን አምናለሁ» ይበሉ። «ተቆጥቻለሁ፤ ጸልዩልኝ» የሚሉም ካሉ ይበሉ። ጉባኤው ለዚያም አሜን ማለት ይልመድ። አሥሩ ለምጻሞች ነጽተው አንዱ ብቻ ሲመለስ ጌታ ስለ ዘጠኙ ጠየቀ። እኛም አራቱ በመድረክ ቆመው ስናያቸው ስለ ሰባቱ መጠየቅ ይገባናል።

እኅታችን እስካሁን አልተመለሰችም። ሐሙስ ሐሙስ ማታ እደውልላታለሁ። ስለ ፈተና አናወራም። ባለፈው ሳምንት ግን እሑድ የትኛው መዝሙር እንደ ተዘመረ ጠየቀችኝ።