የምድር ሀብት ወደ ምድር እንዲመለስ፤ የባለሙያውና የሰፊው ሕዝብ ድርሻ

ማንኛውም ኅብረተሰብ ኑሮውን የሚመሠርተው ከተፈጥሮ ጋር በሚያካሂደው ልውውጥ ነው። ከምድር የወሰደውን በሥራው ለውጦ ይገለገልበታል፤ የተረፈውን ወይ ወደ ምድር ይመልሰዋል፣ ወይ ይጥለዋል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» እየተባለ የሚነገርለት ሐሳብ ከዚህ መሠረታዊ ሐቅ የራቀ አይደለም፤ ይኸውም የአንዱ ምርት ተረፍ ለሌላው ምርት ግብዓት እንዲሆን ማድረግ ነው። ይህን ሽግግር ማን ይምራው ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ባለሙያዎች ይምሩት» የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት የያዘ በመሆኑ በጥሞና ልንመረምረው ይገባል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ፣ ከማሳ በሚወሰደው እህል የአፈሩ ንጥረ ነገር አብሮ እንደሚሄድና ካልተመለሰም ማሳው እንደሚራቆት በ19ኛው ምዕተ ዓመት አስተምሯል። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ቅጽ አንድ ይህንኑ ትምህርት ወደ ማኅበራዊ ጥያቄ ለወጠው። ካፒታሊዝም ሕዝቡን በታላላቅ ከተሞች ሲያከማች፣ ከገጠር የተወሰደው ወደ ገጠር እንዳይመለስ በማድረግ በሰውና በምድር መካከል ያለውን ልውውጥ እንደሚያናጋ አመለከተ። ስለዚህ የዑደቱ መሰበር የቴክኒክ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በከተማና በገጠር መካከል ያለው ቅራኔ መገለጫ ጭምር ነው።

ይህን ቅራኔ በዓይን ለማየት ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን በማለፍ ደባርቅ መድረስ ይበቃል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኘው በዚህ ደጋ ከአያቶች የተወረሰው ሥርዓት የገብሱ ገለባ ለከብት፣ የከብቱ እበት ለማሳ እንዲሆን ነበር። የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ የሚያፈራው ፍግና አመድ ስለሚደርሰው መሆኑን ገበሬው ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ይሁን እንጂ ደኑ ተመናምኖ ማገዶ ሲጠፋ እበቱ ኩበት ሆነ፤ ኩበቱም የገበሬውን ምድጃ አልፎ ለከተማ ገበያ ወጣ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈሩን የሚያለሰልሰው ብስባሽ በጭስ ይጠፋሉ። ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ከከተማው ዳር ይደፋል። በመሆኑም በከተማው ምድጃ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ከገጠሩ ማሳ አንድ ነገር ይጎድላል። ጥፋቱ የጋጋሪዋ አይደለም፤ ሌላ ማገዶ የላትም። የሻጩ ገበሬም አይደለም፤ የዕለት ፍላጎቱን የሚሸፍንበት ገንዘብ ይሻል።

የጎደለውን ለመተካት አገራችን በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማዳበሪያ ታስገባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት የዓለምን የማዳበሪያ ዋጋ ሲያንረው ጫናው እስከ ገበሬው ማሳ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ወርም የአማራ ክልል ገበሬዎች በማዳበሪያ እጥረት ምክንያት አደባባይ ወጥተው አቤት አሉ። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት የተደረገው ስምምነት ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል እንጂ ብስባሽን አይተካም። ፋብሪካው ቢሠራም የኩበቱ ጥያቄ እንዳለ ይቆያል።

በዚህ ረገድ የባለሙያውን አስተዋጽኦ መካድ ታላቅ ስሕተት ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጁ የጂኦግራፊ ሊቅ ሃንስ ሁርኒ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ተራሮች በጅንባር ሸለቆ ስለ አፈር መሸርሸር አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የእርሻ ሚኒስቴርና የበርን ዩኒቨርሲቲ የተሳተፉበት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተመሥርቶ፣ በልዩ ልዩ የደጋ ጣቢያዎች የታጠበውን አፈር መመዘን ተጀመረ። በተዳፋት ማሳ ላይ አፈር ከሚፈጠርበት ፍጥነት ይልቅ የሚታጠብበት ፍጥነት እጅግ እንደሚበልጥ በልክ ያስረዳው ይህን የመሰለው ሥራ ነው። «ሕዝቡ ሁሉን ያውቃል» ብሎ ሳይንስን ማጣጣል ሕዝቡን ከመሣሪያው መለየት ነው።

ሆኖም ታሪካችን ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በ1970ዎቹ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም በብዙ ተራሮች ላይ እርከን ተሠርቶ ነበር። ገበሬው ግን በዕቅዱ ላይ ድምፅ አልነበረውም፤ እርከኑን የራሱ ሀብት አድርጎም አልቆጠረው። በመሆኑም በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥ በየቦታው ብዙው እርከን ፈረሰ። ልኩ ትክክል የነበረ ሥራ በባለቤት እጦት ፈረሰ ማለት ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ፓርክ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ገብቶ እስከ 2017 በዚያው ቆይቷል። ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ የግጭ መንደርን ማንሣት ነበር፤ ከ400 በላይ አባወራዎችም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። የግጦሹ ማገገም የአገርም የዓለምም ጥቅም ነው። ነገር ግን ለተነሺው የቤት ቦታና ካሳ ሲሰጠው ማሳውና ግጦሹ አብረውት ሊመጡ አይችሉም። ትናንት የራሱን እበት ያነድ የነበረ ቤተሰብ ከተሜ ሲሆን ማገዶ ገዥ ይሆናል። የተራራው ዑደት ሲጠገን የከተማው ዑደት እንዳይሰፋበት ማሰብ የዕቅዱ አካል ሊሆን ይገባል።

የአዲስ አበባም ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀጠፈ። በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በዚያው በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ። ከከተማዋ ቆሻሻ አብላጫው ግን እርጥብ የምግብና የአትክልት ተረፍ ስለሆነ፣ ከመቃጠል ይልቅ ብስባሽ መሆን ይስማማዋል። በሌላ በኩል ቆራሌው በየበሩ እየዞረ የሚሰበስበውን ብረትና ጠርሙስ፣ የምናለሽ ተራ ሠራተኛም ከአሮጌ በርሜል የሚሠራውን ምድጃ ስንመለከት፣ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል ከመሰማቱ በፊት ሥራው በላብ አደሩ እጅ እንደነበረ እንረዳለን።

እንግዲህ ከሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች መጠንቀቅ አለብን። አንደኛው ባለሙያውን አዛዥ፣ ሕዝቡን ታዛዥ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ባለሙያውን ባይተዋር ያደርጋል። ትክክለኛው አመራር ከሕዝቡ ተሞክሮ ተነሥቶ፣ በሳይንስ አጣርቶ፣ ለሕዝቡ ውሳኔ መልሶ የሚያቀርብ ነው። ለምሳሌ የባዮጋዝ ጉድጓድ ጋዙን ለምድጃ፣ ዝቃጩን ለማሳ የሚሰጥ በመሆኑ የኩበቱን ቅራኔ ለመፍታት የታለመ የሚመስል መሣሪያ ነው። ነገር ግን እበቱን የሚበጠብጥ ውሃ ይፈልጋል፤ ቅዝቃዜም ሥራውን ያዘገየዋል። የደባርቅን ብርድና የውሃ መቅጃውን ርቀት ከዚያች ውሃ ቀጂ እናት በላይ የሚያውቅ ማን አለ? እርሷን ሳይጠይቅ የተነደፈ ንድፍ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ከነገ ጀምሮ ሊሠሩት የሚችሉት ተግባር አለ። አመድን ከሌላው ቆሻሻ ለይቶ ማጠራቀም፣ ለጓሮና በአቅራቢያ ላሉ ማሳዎች ማድረስ፣ የምግብ ተረፍን በማኅበር ጉድጓድ ማብላላት፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን በዕድር ቁጠባ መግዛት ታላቅ በጀት አይጠይቅም። የደባርቅና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን፣ የወረዳ የእርሻ ባለሙያዎችም የአመዱንና የብስባሹን ይዘት መርምረው ውጤቱን በነዋሪው ስብሰባ ፊት በአማርኛ ማቅረብ ይጠበቅባቸዋል። ነዋሪው የመጠየቅ፣ የመተቸትና የመወሰን መብቱን ሲጠቀም ባለሙያው መሪነቱን አያጣም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ያገኘዋል።

ከምድር የወሰድነው ዕዳ ነው። ዕዳውን ለመክፈል የባለሙያው ሚዛንና የሕዝቡ እጅ በአንድነት ይሥሩ!